ዓርብ ማታ ኔም ሰርቨር ቀይሬ ያየሁት ጉድ

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለችኝ። ዋና እንጀራዬ ፕሪንተር መጠገንና ዊንዶውስ መጫን ነው። ጎን ለጎን ለሁለት ሦስት ድርጅቶች ድረ ገጽና ኢሜይል እይዛለሁ። ከእነሱ አንዱ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ገስት ሀውስ ነው፤ አነስተኛ የአስጎብኚ ቢሮም አለው። ባለቤቱን ጋሼ እላቸዋለሁ። ሰሜን ተራራ ሊወጣ፣ ፋሲል ግቢን ሊያይ፣ ጥምቀትን ሊያከብር የሚመጣ እንግዳ አብዛኛው እሳቸው ዘንድ የሚደርሰው በኢሜይል ነው። የውጭ ወኪሎቻቸው ስልክ መደወል አይወዱም።

ኅዳር ላይ ጋሼ ሱቄ ድረስ መጡ። የኢሜይል ሳጥኑ በየሳምንቱ እየሞላ መልእክት ይመለሳል። ድረ ገጹም ይንቀራፈፋል። «ልጄ፣ ጥምቀት ሳይደርስ አንድ በለው» አሉኝ። እኔም ድረ ገጹን ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚከራዩት ሰርቨር)፣ ኢሜይሉን ወደ ማይክሮሶፍት 365 ላዛውር ወሰንኩ። ሁለት ቀን ይበቃኛል ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ድረ ገጹን ማዛወር ቀላል ነው። ኢሜይል ሳጥን መክፈትም ቀላል ነው። የበላኝ ዲኤንኤስ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ስም ተጠርቶ አድራሻ የሚገኝበት ሥርዓት።

ዲኤንኤስን ለጋሼ ያስረዳኋቸው በእኛው አገር ነገር ነው። አንድ እንግዳ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወረደ እንበል። ቤትዎን በቁጥር አያገኘውም። «ጃንተከል ዋርካ ስትደርስ ጠይቅ» ይባላል፤ እዚያ ያለ ሰው ይጠቁመዋል። ዲኤንኤስ ያ ዋርካ ሥር የተቀመጠው ሰው ነው። ድረ ገጹ የት ነው ሲሉት በኤ ሬከርድ፣ ማለትም የሰርቨሩን አይፒ (የቁጥር አድራሻ) በያዘው መዝገብ፣ ይመልሳል። ደብዳቤ ለማን ላድርስ ሲሉት በኤምኤክስ ይመልሳል። በእናንተ ስም ደብዳቤ እንዲልክ የተፈቀደለት ማን ነው ሲሉት ኤስፒኤፍ የሚባለውን የቲኤክስቲ ሬከርድ ያሳያል። ስልካችሁ ላይ ያለው አውትሉክ የሚባል የኢሜይል ፕሮግራም ደግሞ አድራሻችሁን ስታስገቡ «የዚህ ሰው ሳጥን የትኛው ሰርቨር ላይ ነው?» ብሎ አውቶዲስከቨር በሚል ስም ይጠይቃል። ሰርቪስ ዲስከቨሪ የሚሉት ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ሰው ሳይነግረው ራሱ ስም ጠርቶ ጠይቆ ይደርሳል። የተሳሳተ መልስ ካገኘም ልክ እንደ እንግዳው የማያውቀው ሰፈር ገብቶ ይቀራል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ዓርብ ማታ ነበር። ቢሮው ተዘግቷል፤ ሰው አይረብሸኝም፤ ይሄኔ ነው ብዬ ተነሳሁ። አዲሱ ክላውድ ላይ ዞን፣ ማለትም የዶሜይኑ (የድርጅቱ የኢንተርኔት ስም) ሬከርዶች የሚሰፍሩበትን ዝርዝር፣ ከፈትኩ። የማውቃቸውን ሁለት ሬከርዶች ጻፍኩ፦ የድረ ገጹን ኤ ሬከርድና የዳብልዩ ዳብልዩ ዳብልዩውን። ከዚያ ዶሜይኑ የተመዘገበበት ድርጅት ገብቼ ኔም ሰርቨሮቹን ወደ አዲሱ ቀየርኩ። ኢሜይሉን እሑድ እደርስበታለሁ፤ እስከዚያው አልነካሁትምና እንደነበረው ይሠራል ብዬ ቤቴ ሄድኩ።

ትልቁ ስህተት ይቺ ናት። ኔም ሰርቨር ስትቀይሩ የምትቀይሩት ድረ ገጹን ብቻ አይደለም። ዋርካው ሥር ያለውን ሰውዬ ራሱን ነው የምትቀይሩት። አዲሱ ሰውዬ የሚያውቀው የነገራችሁትን ብቻ ነው። እኔ ስለ ድረ ገጹ ነገርኩት እንጂ ስለ ደብዳቤ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። አልነካሁትም ያልኩት ኢሜይል በዚያች ማታ አድራሻ አጣ።

ቅዳሜ ድረ ገጹ እንደ ሚዳቋ ፈጥኖ ይከፈታል። ጋሼ ደስ ብሏቸዋል። ጠዋት ላይ ኢሜይልም አልፎ አልፎ ይገባ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጸጥ አለ። «ፈረንጅ ቅዳሜ አይሠራም» ተባባልን። የዲኤንኤስ ጥፋት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። አይጮህም። ቀይ መብራት አያበራም። ዝም ብሎ ደብዳቤ አይመጣም። ያወቅነው እሑድ ቀትር ላይ ነው። አንዲት የውጭ ወኪል በዋትስአፕ «የላክሁት ኢሜይል ዘግይቷል፣ አልደረሰም ይለኛል» ስትል ላቤ ጠብ አለ።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። ደነገጥኩ። ቤት ሆኜ ከስልኬ ወደ ዶሜይን መዝጋቢው ገባሁ፤ ሐሳቤ ኔም ሰርቨሩን ወደ ድሮው መመለስ ነው። አዲስ ስልክ መሆኑን ያየው ሲስተም የማረጋገጫ ኮድ ላከልኝ። ወዴት? ወደ ጋሼ ኢሜይል። የትኛው ኢሜይል? በዚሁ ዶሜይን ላይ ወዳለው፣ እኔው ወዳጠፋሁት። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን መዝጋት ማለት ይህ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

እባካችሁ ይህን አሁኑኑ፣ ሌላውን ከማንበባችሁ በፊት አረጋግጡ። ዶሜይናችሁ የተመዘገበበት አካውንት የማን ኢሜይል ላይ ነው? በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ አድራሻ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ሌላ፣ ለምሳሌ ወደ ጂሜይል ቀይሩት። ከድርጅቱ የለቀቀ ሠራተኛ ስም ላይ ከሆነማ ሰውየው ስልኩን እያነሳ ሳለ ጨርሱት።

ለካ ያ ኮድ አለመድረሱ በጀኝ። ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ፣ አዲስ አበባ በዚሁ ሥራ ላይ ያለ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። እየተንተባተብኩ ነገርኩት። መጀመሪያ ያለኝ «እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሳ» ነው። ቀጥሎ «ወረቀት አምጣ»።

ነገሩን አብራራልኝ። በነጥብ ኮም የሚያልቅ ዶሜይን ከሆነ፣ ኔም ሰርቨሩ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው የበላዩ ሰርቨር መልሱን ለ172800 ሰከንድ ያዙት ብሎ ነው የሚሰጠው። ሁለት ቀን ማለት ነው። ዓርብ ቀየርኩ። እሑድ ብመልሰው ገሚሱ ዓለም አዲሱን፣ ገሚሱ አሮጌውን ይዞ ሌላ ሁለት ቀን ይደናበራል። ይህች የሰከንድ ቁጥር ቲቲኤል ትባላለች። እያንዳንዱ ሬከርድ የራሱ አለው። 86400 ከተጻፈ አንድ ቀን፣ 3600 ከሆነ አንድ ሰዓት፣ 300 ከሆነ አምስት ደቂቃ ነው። ጠያቂው መልሱን ለዚያን ያህል ጊዜ ካሽ በሚባል ጊዜያዊ ማስቀመጫ ውስጥ ያስቀምጣል እንጂ ደግሞ አይጠይቅም።

የሚገርመው ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ቀድሞ የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች ስምና አድራሻ በአንድ ፋይል ላይ ተጽፎ ለሁሉም ይታደል ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበዛ ፋይሉ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን ሲነድፍ ሥራውን ለብዙ ሰርቨር አከፋፈለው። የመለሱትን መያዝ ባይኖር ኖሮ ዋርካው ሥር ያለው ሰውዬ በጥያቄ ብዛት ትንፋሽ ያጥረው ነበር። ጋሼ በበኩላቸው «ምን ይዞት ነው?» ሲሉኝ «ካሽ ይዞት ነው» ብላቸው «ስንት ነው የሚፈልጉት?» ብለው ኪሳቸው ገቡ። በዚያ ጭንቀት መሃል ያሳቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን ጻፍን? አሮጌው ዞን ውስጥ የነበረውን ሁሉ። እዚህ ጋ አንድ ጥሩ መላ አለ። ኔም ሰርቨር ከቀየራችሁም በኋላ አሮጌው ሰርቨር እስኪዘጋ ድረስ ዞናችሁን ያውቃል። ዲግ ወይም ኤንኤስሉክአፕ በሚባሉት ትእዛዞች እሱን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ይቻላል። የኤምኤክሱን ጠየቅን፤ መለሰ። የቲኤክስቲውን ጠየቅን፤ መለሰ። ችግሩ ዲኤንኤስ የጠየቁትን ይመልሳል እንጂ ያለውን ሁሉ አይዘረዝርም። የረሳችሁትን ስም አያስታውሳችሁም። እኛ የክፍል ማስያዣው ገጽ የሚገኝበትን ንዑስ ስም ያስታወስነው ድረ ገጹ ላይ ያለው ቁልፍ ሲነካ ባዶ ገጽ ስለወጣ ነው። እናንተ ከመቀየራችሁ በፊት የአሮጌው ሆስቲንግ ፓነል (መቆጣጠሪያ ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ ዞኑን ሙሉውን ገልብጡት። ፎቶም አንሱት። ወረቀት ላይ ከሆነ ደግሞ መብራት ሲጠፋም ይነበባል።

ከዚያ እኔ በቀጥታ ወደ አዲሱ ኢሜይል ላዛውረው ስል ጓደኛዬ ከለከለኝ። «መጀመሪያ ወደነበረበት መልስ። የታመመ ሰው መንገድ አያስጀምሩም» አለኝ። ስለዚህ ለአሮጌው ሜይል ሰርቨር ኤምኤክስ መጻፍ ነበረብኝ። አሮጌው ኤምኤክስ የሚያመለክተው ግን ዶሜይኑን ራሱን ነበር፤ ዶሜይኑ ደግሞ አሁን አዲሱ ክላውድ ላይ ነው። ብገለብጠው ኖሮ ደብዳቤው ሁሉ የድረ ገጹን ሰርቨር በር ሲያንኳኳ ያድር ነበር። ቸኩዬ ኤምኤክሱ ላይ የአሮጌውን ሰርቨር አይፒ ቁጥር ጻፍኩ። ይህም አይሆንም፤ ኤምኤክስ ስም ነው የሚቀበለው። ሜይል የሚል ንዑስ ስም ፈጥረን፣ ለእሱ በኤ ሬከርድ የአሮጌውን አይፒ ሰጥተን፣ ኤምኤክሱን ወደዚያ ስም አዞርነው።

እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ኢሜይል ገባ። ከዚያ እንደ ክረምት ጎርፍ ተከታተለ። የቅዳሜው፣ የእሑዱ፣ ሁሉም። እዚህ ላይ ለደነገጠ ሰው የሚያጽናና ነገር ልንገራችሁ። ላኪ ሰርቨር በር ተዘግቶ ሲያገኝ ወዲያው ተስፋ አይቆርጥም። ደጋግሞ ይሞክራል፤ የኢሜይሉ ስታንዳርድ የሚመክረው ቢያንስ አራት አምስት ቀን እንዲታገሥ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ካስተካከላችሁ አብዛኛው ደብዳቤ ዘግይቶም ቢሆን ይገባል። ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ቀን ምሳ እበላ ነበር።

እውነተኛውን ዝውውር ያደረግነው ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዓርብን ከሥጋ ብቻ ሳይሆን ከዲኤንኤስም መጾም ይሻላል። እሑድ ላይ የኤምኤክሱን ቲቲኤል ከ86400 ወደ 300 ዝቅ አደረግሁ። ልብ በሉ፤ ቲቲኤል የሚቀነሰው ለውጡ ቀን አይደለም። አሮጌው ረጅም ቁጥር ካሽ ውስጥ ያለው ሁሉ መጀመሪያ ማለቅ አለበት። አንድ ቀን ከሆነ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ቀንሱ። ለውጡ ከረጋ በኋላ መልሳችሁ ከፍ ታደርጉታላችሁ።

ማክሰኞ ኢሜይሉ ያለ ኮሽታ ተሻገረ። የቢሮው ኮምፒውተሮች ግን አውትሉክ ላይ አካውንቱን አላገኘሁም አሉ። አውቶዲስከቨር የሚለውን ሲኔም (አንድን ስም ወደ ሌላ ስም የሚመራ ሬከርድ) ጽፌያለሁ፤ ፓነሉ ላይ በዓይኔ አየዋለሁ። ስጠይቅ ግን የለም ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ያዞረኝ ነገር ይህ ነው፦ የስም መጻፊያው ሳጥን ውስጥ ሙሉውን ስም ከነዶሜይኑ ጻፍኩ። ፓነሉ ደግሞ ዶሜይኑን በራሱ ከኋላ ይጨምራል። ስለዚህ ዶሜይናችን ሁለት ጊዜ የተደገመበት፣ ማንም የማይጠራው ስም ተፈጠረ። ፓነሎች በዚህ አይስማሙም። አንዳንዱ አጭሩን ብቻ ይፈልጋል። አንዳንዱ ሙሉውን ስም ከጻፋችሁ መጨረሻው ላይ ነጥብ ካላያችሁ እንዳላለቀ ቆጥሮ ይቀጥልበታል። ሬከርድ ካስቀመጣችሁ በኋላ ፓነሉን አትመኑ፤ ከውጭ ሆናችሁ ጠይቁ።

አስተካከልኩት። አሁንም የለም ይላል! በቢሮው ዋይፋይ የለም፤ በስልኬ ዳታ አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ትክክለኛውን ሬከርድ የሚያበላሸው። እኔም አጥፍቼ ልጽፈው እጄን ሰንዝሬ ነበር። ያዳነኝ የጓደኛዬ ድምፅ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ዲኤንኤስ «አለ» የሚለውን መልስ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ «የለም» የሚለውንም ይይዛል። ሬከርዱን ሳላስተካክል ደጋግሜ ስለጠየቅሁ የቢሮው መስመር «የለም» የሚለውን ካሽ አድርጎታል። ለምን ያህል ጊዜ? ስለ ዞኑ ራሱ የሚናገረው ኤስኦኤ ሬከርድ ላይ የተጻፈው ነው የሚወስነው፤ የእኛ አንድ ሰዓት ነበር። ቡና ጠጣን። ሦስተኛው ሳይወርድ አውትሉክ ተከፈተ። ስለዚህ ሬከርዱን ሳትጽፉ በፊት ስሙን አትጥሩት። እስኪያልፍ ለማጣራት ደግሞ የዞናችሁን ኔም ሰርቨር በቀጥታ ጠይቁ፣ ወይም እንደ 8.8.8.8 (የጉግል) እና 1.1.1.1 (የክላውድፍሌር) ያሉትን ለሁሉም ክፍት የሆኑ የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ሁለቱንም ሞክሩና አወዳድሩ።

አንዳንድ የክላውድ ስልክና የስብሰባ አገልግሎት ኤስአርቪ የሚባል ሬከርድም ይጠይቃችኋል። እሱ ቤቱን ብቻ ሳይሆን የትኛው በር እንደሚንኳኳም ይናገራል፤ ፖርቱን ማለቴ ነው። ቅድሚያና ክብደት የሚባሉ ቁጥሮችም አሉት። አገልግሎቱ የሰጣችሁን እንዳለ ገልብጡ፤ ስሙ ፊት ያሉትን የታች ሰረዝ (_) ምልክቶች ግን አትዝለሉ።

በቀጣዩ ሳምንት ሌላ እሮሮ መጣ። የምንልከው ኢሜይል ተቀባዮቹ ዘንድ ጃንክ (የማይፈለግ መልእክት ሳጥን) ውስጥ እየገባ ነው። ይህኛው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አሮጌው የኤስፒኤፍ ሬከርድ እያለ አዲሱ አገልግሎት የሰጠኝን ሁለተኛ ኤስፒኤፍ አድርጌ ከሥሩ ጨመርኩ። ሁለት ይሻላል ብዬ። ለአንድ ስም የሚፈቀደው ኤስፒኤፍ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ካገኘ ተቀባዩ ሁለቱንም እንደ ስህተት ይቆጥራቸዋል። መፍትሔው አንድ መስመር ላይ ማዋሐድ ነው፤ ያውም ሲፈታ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ እንዳይፈጥር። ኢሜይሉ ከእኛ ዶሜይን መሆኑን የሚያረጋግጠውን፣ ዲኪም የሚባለውን ፊርማም አብሬ አበራሁ። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላኪዎችን በዚህ ጉዳይ ጠበቅ አድርገው መጠየቅ ጀምረዋል። ይህን ማጣሪያ ያላለፈ ኢሜይል ምን ይደረግ የሚለውን ሬከርድ፣ ዲማርክን፣ ስትጨምሩ ደግሞ መጀመሪያ በማይከለክለው፣ በመታዘቢያው ደረጃ ጀምሩ። ወዲያው እምቢ በል ብትሉት የራሳችሁን ደረሰኝ ላኪ ፕሮግራም ያስርላችኋል።

አለቀ ብዬ እፎይ አልኩ። ከጥምቀት አራት ቀን በፊት፣ ጥር 7 ማለዳ፣ ድረ ገጹ ጠፋ። ማንም ምንም አልነካም። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል፤ የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ መድረክ ይሠራል፤ ጋሼ ስልኬን ያንጫርሩታል። ምክንያቱን ስደርስበት በራሴ አፈርኩ። ክላውዱ ለድረ ገጹ የሰጠኝ አይፒ ሳይሆን ረጅም ስም ነበር። ሲኔም ደግሞ ዋናው ዶሜይን ላይ አይቀመጥም፤ ምክንያቱም እዚያ ሌሎች ሬከርዶች አሉ፣ ሲኔም ደግሞ ጎረቤት አይወድም። ታዲያ እኔ ብልጡ ምን አደረግሁ? ያንን ስም ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ ጠርቼ የወጣልኝን አይፒ ኤ ሬከርድ ላይ ጻፍኩት። አንድ ወር ሠራ። ከዚያ ክላውዱ አይፒውን ቀየረ። የመቀየር መብት አለው፤ ስም የሰጠኝም ለዚሁ ነው።

ትክክለኛው መንገድ የዲኤንኤስ ፓነሉ ውስጥ ኤሊያስ (alias) የሚባለውን የሬከርድ ዓይነት መምረጥ ነበር፤ ሌሎች ፍላተኒንግ ይሉታል። ፓነሉ ራሱ ስሙን እየተከታተለ የወቅቱን አይፒ ይመልሳል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ። የክፍል ማስያዣው ፕሮግራም ዳታቤዙን የሚጠራውም እንዲሁ በአይፒ መሆኑን ያን ቀን አየሁና ወደ ስም ለወጥኩት። ለእሱ ክላውዱ ውስጥ ብቻ የሚታይ የግል ዞን ከፈትኩ። ክላውድ ላይ ቁጥር አትያዙ፤ ቁጥር ተከራይ ነው፣ ይለቃል።

ከተራ ዕለት ከሰዓት፣ ታቦታቱ ሲወርዱ ከሕዝቡ መሃል ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ልቤ ዘለለች። «ክፍል ሞልቷል፤ ኢሜይሉን ትንሽ ዝም አታሰኘውም?» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ሌላ የሆቴል ባለቤት እንደ ጋሼ አድርግልኝ ብሎ መጣ። «ዓርብ ማታ ሰው ስለሌለ ይመቻል» አለኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠሁትና ዶሜይኑ በማን ኢሜይል እንደተመዘገበ ጠየቅሁት። ለሁለት ቀን ሲያጣራ ሰነበተ። ማክሰኞ ጠዋት ቀጥረናል።